ለእንግዳዋ ባለጌ ጠፋ

በመርገጫ ከተማ ጥሩምባ ሲነፋ ሰው ሁሉ ወደ በርሜሉ ይሮጣል። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቤት አለ፤ አራት መቶ አሥራ ሁለት በርሜልም አለ። በርሜል ጎድሎ ማደር የለበትም። የእድሩ ተቆጣጣሪ ማለዳ ማለዳ በየቤቱ እየዞረ ዘንግ እየነከረ ይለካል። ከመሬት በታች በተቀበረው ሽቦ ኃይል ይመጣል፣ በርሜሉ ውስጥ ያለው ብረት ይግላል፣ ውሃው ይፈላል። ያ ሁሉ የፈላ ውሃ ደግሞ ከሚደፋ ተብሎ ሰው ገላውን ይታጠባል። ጥሩምባው ሁለት ጊዜ የተነፋ ዕለት ሁለት ጊዜ ይታጠባል። የውጭው ሙቀት አርባ አራት ዲግሪ ነው። በዙሪያችን ካሉት ከተሞች ሁሉ ንጹሖቹ እኛ ነን ልጆቼ፤ ይህን እንኳ የሚክደን የለም።

ይህ ሁሉ የሚደረገው ለእንግዳዋ ነው። እንግዳዋ የምንላት በከተማችን መካከል፣ ብርድ ቤት ውስጥ ተጠቅልላ የተቀመጠችውን ሽቦ ነው። የከተማው ኃይል በሙሉ በእሷ ውስጥ ሲዞር ይውላል። ለስድስት ወር ሙከራ ብለው አምጥተዋት ነበር፤ ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናት። ጤናዋ ብርዷ ነው። እኔ ትምህርት ያቆምኩት ስድስተኛ ክፍል ስለሆነ፣ ኢንጂነሮቹ የነገሩኝን እንደገባኝ ልንገራችሁ። ከአካሏ ላይ የጣት ጫፍ የምታህል ቦታ ብቻዋን ከሞቀች፣ የተሸከመችው ኃይል በሙሉ እዚያች ቦታ ላይ ይከመራል። ቦታዋ ትቀልጣለች፤ እንግዳዋም አበቃላት። ኃይሉን ቶሎ አስወጥተው ለብዙ ቤት በርሜል ካካፈሉት ግን ማንም አይጎዳም። ይህን የሰማሁ ቀን፣ ታዲያ ይህ እድር አይደለም ወይ አልኩ። ሐዘን ለአንድ ሰው ከተተወ ይገድላል፤ ለሰፈር ሲከፋፈል ንፍሮ ተበልቶበት ይታለፋል። ለዚህ ነው ጥበቃዋ ለእድሩ የተሰጠው።

ያችን ሙቀት እኛ ትኩሳት እንላታለን። ትኩሳት ከያዛት ዘጠና ሰከንድ አለን። ጎረቤት ከተማችን ጨፌ ሜዳ የራሷ እንግዳ ነበረቻት፤ አንድ ሐሙስ ቀን ዘጠናው አለፈና ተቃጠለች። መንግሥት ሁለተኛ አይሰጥም። ማቀዝቀዣው ቆመ፣ የውሃ መሳቢያው ቆመ። በአርባኛው ቀን ሰዎቹ የቤታቸውን በር ነቅለው፣ በጋሪ ጭነው ሄዱ። እኔ ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ባለቤቴም እዚሁ ነው ያረፈችው። በር ነቅዬ የምሄድበት አገር የለኝም።

መጀመሪያ ላይ ትኩሳቷን ማሽን ራሱ አይቶ የኃይሉን መውጫ ራሱ ይከፍት ነበር። ማሽኑ ግን የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ትኩሳት ይመስለዋል። በሳምንት አራት ጊዜ ተቀቀልን። እድሩ ተሰብስቦ፣ ማሽን አያስተውልም፣ ሰው ይሁን ብሎ ወሰነ። አንድ ሰው ብቻ እንዳይሆን ደግሞ ሁለት ቁልፍ ተሠራ። ቁልፎቹ ግድግዳው ላይ በአምስት እርምጃ ተራርቀው ተተክለዋል፤ አንዱ ይቀድማል፣ ሌላው ይከተላል። የትኛው እንደሚቀድም ለማሽኑ ግድ የለውም። እኩል ከዞሩ ግን ይቆለፋል።

ለሁለቱ ቁልፎች የተመረጥነው እኔ ኪሩቤልና ጓደኛዬ ናኦድ ነን። የተመረጥነው እኩል ስለሆንን ነው። የተወለድነው በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው፤ ማን እንደቀደመ የሚያውቅ በሕይወት የለም። በሰርግ እኩል እንቀመጣለን፣ በለቅሶ እኩል እንነሣለን። አርባ ዓመት ሙሉ እኔ እሱን፣ እሱም እኔን እንደ ታላቅ ሲያከብር ኖረናል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ ሁለታችንም መቅደም አንችልም።

ከክልል የመጣችው ኢንጂነር አስናቀች የትኩሳቱን መዝገብ ይዛ ስብሰባ ላይ ቆመች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ የዘንድሮ ልጆች ስማቸው ሁሉ የቅድመ አያት ስም ነው።

«የዓመቱ የመጀመሪያ ትኩሳት በሠላሳ አንድ ሰከንድ ተከፈተ» አለች። «ቀጥሎ አርባ ስድስት። ቀጥሎ ስልሳ ሰባት። ያለፈው ወር ሰማንያ አራት። አባቶቼ፣ ምንድን ነው የሚያቆያችሁ?»

«አንቆይም» አለ ናኦድ። «‹ይቅደሙ› እላቸዋለሁ፤ ‹ኧረ እርስዎ› ይሉኛል።»

«ሰማንያ አራት ሰከንድ ሙሉ?»

«ዕድሜ ሲጨምር ክብርም ይጨምራል የኔ ልጅ።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን ዘጋች። «ለምን በተራ አታደርጉትም? ሰኞ እሳቸው፣ ማክሰኞ እርስዎ።»

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ሮቤል ጉሮሮውን ጠረገ። «ሞክረነዋል። ሰኞ የአቶ ኪሩቤል ነበር። ሰኞ ትኩሳት መጣ። አቶ ኪሩቤል ሰኞውን ለአቶ ናኦድ በስጦታ ሰጡ። አቶ ናኦድ አልቀበልም አሉ። ሰማንያ አራቱ ያ ነው።»

ኢንጂነር አስናቀች ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና እንዲህ አለች። «እናንተ የሚያስፈልጋችሁ መሐንዲስ አይደለም። አንድ ባለጌ ሰው ፈልጉ። ሳያፍር የሚቀድም። ሁለተኛውን ቁልፍ ከእናንተ አንዳችሁ ታዞራላችሁ።»

ሁለተኛ መሆን ችግር ኖሮበት አያውቅም፤ ኋላ መቅረቱን ሁላችንም እንችልበታለን። ሐሳቡ በአንድ ድምፅ አለፈ። በማግሥቱ ገበያው ሰሌዳ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ «የመርገጫ እድር አንድ ባለጌ መቅጠር ይፈልጋል። ጾታ አይለይም። ልምድ ያለው ይመረጣል።»

አሥራ አንድ ሰው መጣ። ሁሉም ከእድሩ ቢሮ ደጃፍ ቆመው «አንተ ግባ»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» ሲባባሉ ምሳ ሰዓት ደረሰ። አንዱ ሳያንኳኳ ዘው ብሎ ገባና ተስፋ ሰጠን፤ ከዚያ «ይቅርታ፣ በሩ ክፍት ስለነበረ ነው» አለን። ሌላው አቶ ሮቤልን እናቱን ሳይቀር የሚነካ ስድብ ከወረቀት ላይ አነበበለት፤ ጥሩ ስድብ ነበር፤ ሲጨርስ ግን ተንበርክኮ ጉልበቱን ሳመ። አሥራ አንዱንም አመስግነን ሸኘናቸው፤ እነሱም እኛን አመስግነው ሄዱ።

ያን ጊዜ ነው አንዱ ቀስ ብሎ «ለምን ወይዘሮ ሄራንን አትጠይቋትም?» ያለው።

ሄራንን የማያውቃት የለም። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ ከመናኸሪያው ጀርባ የበርሜል ክዳን ትሸጣለች። ሰልፍ አይታ አታውቅም፤ ሰልፍ ሲኖር ከፊት ነው የምትቆመው። በለቅሶ ቤት ባለ ሐዘኑ ሳይቀርብለት ትበላለች። ሦስት ሆነን ሽማግሌ ተብለን ቤቷ ሄድን፤ እኔ፣ ናኦድና ሮቤል። እንደ ደንቡ ቆመን ጠበቅን። «ተቀመጡ» አላለችንም።

«ምን ፈልጋችሁ ነው? ሥራ አለብኝ» አለች ክዳኑን እየቀጠቀጠች።

ሮቤል ወደ እኔ ዞሮ ዓይኑ በራ። «አዩ? እንኳን ደህና መጣችሁ እንኳ የለም» አለኝ በሹክሹክታ።

ነገሩን አስረዳናት። መዶሻዋን አስቀመጠች።

«ባለጌ ናት ብላችሁ ነው የመጣችሁት?»

«በመልካም ጎኑ ነው እመት» አለ ናኦድ።

«ልጄ ስትዳር አንዳችሁም ሽማግሌ ሆናችሁ አልመጣችሁም። ለብልግናዬ ሦስት ሆናችሁ መጣችሁ።»

ሮቤል ለይቅርታ ድንጋይ ፈልጎ ሊሸከም ወደ ደጅ ሲወጣ መልሳ ጠራችው። «ተወው፣ ወገብህን ይቆርጥሃል። እሺ ብያለሁ። ግን ከእናንተ ከፍ ያለ ወንበር እፈልጋለሁ።»

ከፍ ያለ ወንበር ሰጠናት። ትራስ ጨመርንበት። ብርድ ቤቱ በር ላይ «ክብርት ባለጌ» የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ። በመንገድ ስታልፍ ሰው ቆቡን ያነሣል፤ «ከተማችንን የምታድነን እሷ ናት» ይባላል። ዳቦ ቤት ስትደርስ ሰልፉ ለሁለት ተከፍሎ ያሳልፋታል። አንድ ቀን የተከፈለው ሰልፍ መሀል ቆማ፣ ምን እንደምታደርግ ጠፍቷት አየኋት።

በሁለተኛው ሳምንት ብርድ ቤት ስትገባ «እንደምን አደራችሁ» አለችን። ናኦድና እኔ ተያየን፤ ደስም አለን። በሦስተኛው ሳምንት የናኦድ ጉልበት እንዴት እንደዋለ ጠየቀች። በአራተኛው ሳምንት ዳቦ ቤት ነፍሰ ጡር አስቀደመች ተብሎ ወሬው ደረሰን፤ «ሰው ሆነች» ብለን አመሰገንን። የቀጠርናት ሰው እንዳትሆን መሆኑን አንዳችንም አላስታወስንም።

ትኩሳቱ ማክሰኞ አምስት ሰዓት ላይ መጣ።

«የተከበራችሁ ጠባቂዎች» አለ የግድግዳው ድምፅ፣ ረጋ ብሎ እንደ ልማዱ፤ «ትኩሳት ተገኝቷል። ዘጠና ሰከንድ ቀርቷችኋል።» ውጭ ጥሩምባው ተነፋ። የሚሮጥ እግር ተሰማ።

«እመት ሄራን፣ ይበሉ» አለ ናኦድ።

ሄራን ከወንበሯ ወረደች። ነጠላዋን አስተካከለች። ቁልፉ ጋ ደርሳ እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ሰበሰበችው።

«እናንተ እያላችሁ?» አለች።

«ምን አሉ?»

«ሠላሳ ዓመት የጠበቃችኋትን እኔ ትናንት የመጣሁት ልቅደም? ነውር ነው።»

«ሰባ አምስት» አለ ድምፁ።

«እመት» አለ ናኦድ፣ በጣም በለሰለሰ አነጋገር፤ «እርስዎ እኮ ባለጌ ነዎት።»

«ነበርኩ» አለች።

«ደመወዝዎ እኮ ለዚህ ነው» አልኩ እኔ።

«መልሼ እሰጣለሁ። አቶ ኪሩቤል፣ በሞቴ፣ እርስዎ ይጀምሩ።»

«ናኦድ እያሉ እኔ?»

«ኧረ እኔ አፈር ልሁን» አለ ናኦድ። «ከሁለታችሁ ፊት? እመት ሴት ናቸው፣ እርስዎ ታላቅ ነዎት።»

«ታላቁ እርስዎ ነዎት።»

«አርባ።»

ሦስታችንም እጃችንን ወደ ቁልፉ ዘርግተን፣ ለሌላው መንገድ እያሳየን ቆመናል። ከላይ ያለው ቧንቧ ላይ የነበረው በረዶ መንጠባጠብ ጀመረ። አንድ ጠብታ ግንባሬ ላይ አረፈች። ሠላሳ አንድ ዓመት እዚያ ቤት ስውል ከዚያ ቧንቧ ውሃ ሲወርድ አይቼ አላውቅም። የጨፌ ሜዳ ሰዎች በር የጫኑበት ጋሪ ትዝ አለኝ።

«ሃያ» አለ ድምፁ። «በትሕትና እናስታውሳችኋለን።»

«እንግዲህ አቶ ኪሩቤል ካላሉ እኔም...» ብላ ሄራን ወንበሯ ላይ ልትመለስ ዞረች። በክርኔ ገፋኋት። ወንበሩን ይዛ ተረፈች። ቁልፉን ያዝኩና አዞርኩት።

ከዚያ ናኦድን አየሁት። ሁለተኛው ቁልፍ አጠገብ ቆሟል፤ እጁ ግን አይንቀሳቀስም። ሴት ስገፋ አይቶ ደንግጧል። አፉን ከፍቶ ያየኛል።

«አሥር።»

«ናኦድ፣ አዙር።»

አልሰማኝም። አርባ ዓመት «ይቅደሙ» ያልኩት ሰው ነው፤ ምን ብለው እንደሚያዙት አላውቅም። ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም አወጣሁት።

«ታናሼ ነህ» አልኩት። «እኔ ነኝ የቀደምኩህ። አራት ቀን እበልጥሃለሁ፤ እናቴ ነግራኛለች። ታናሽ ይታዘዛል። አዙር።»

እናቴ አልነገረችኝም።

ድምፁ «ሦስት» ሲል ናኦድ አዞረው።

ከመሬት በታች ጉርምርምታው አለፈ። ጥቂት ቆይቶ ከከተማው ዳር እስከ ዳር አራት መቶ አሥራ ሁለት በርሜል ሲንተከተክ ተሰማ። እንግዳዋ ዳነች። ሄራን ወንበሩን እንደያዘች ክርኗን እያሻሸች ነበር፤ «ልክ ነው፣ እኔ ብሆን ቀድሜ እገፋዎ ነበር» አለችኝ፤ ሥራዋንም በዚያው ቀን አስረከበች።

ከተማው ደስ አለው። ከዚያ ወዲያ ባለጌ መፈለግ ቀረ፤ ታላቅ ተገኝቷላ። ቀጥለው በመጡት ሁለት ትኩሳቶች እኔ አዘዝኩ፣ ናኦድ ታዘዘ፤ ሁለቱም በአሥራ አንድ ሰከንድ ተከፈቱ። ኢንጂነር አስናቀች መዝገቡ ላይ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብላ ጻፈች።

እኔ ግን ልንገራችሁ። ናኦድ ስገባ ይነሣል። እጄን የሚያስታጥበኝ እሱ ሆነ። እየቀለድኩ ብነካካው «እሺ ጋሼ» ይለኛል። የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ፣ የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌን ጋሼ ሲለው። ዱሮ ገበጣ ስንጫወት በማጭበርበር ይታወቅ ነበር፤ አሁን ሆን ብሎ ይሸነፍልኛል። አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ «ዋሽቼህ ነው፤ እናቴ ምንም አልነገረችኝም» አልኩት።

«ታላቅ አይዋሽም ጋሼ» አለኝ፤ ውሃም አቀረበልኝ።

በወሩ ዓርብ ዕለት፣ ኢንጂነር አስናቀች ለቁጥጥር መጥታ እያለች፣ ጥሩምባው ተነፋ። «የተከበራችሁ ጠባቂዎች» አለ ድምፁ። ናኦድ ቁልፉ ጋ ሄዶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ትእዛዜን ይጠብቃል። እኔም ቁልፌ ጋ ሄድኩ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ።

«ሰማንያ።»

ልጅቱ ከመዝገቧ ቀና አለች።

«ሰባ» ሲል ናኦድ በጎን አየኝ። «ጋሼ፣ ይጀምሩ እንጂ።»

«አልጀምርም።»

«ለምን?»

«ደክሞኛል።»

ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር፤ በአራት መቶ ቤት እየተጫወትኩ ነው። ሃያ ሲል ራሴ እንደማዞረው ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር። ነገር ግን ልቤ ሃያን መጠበቅ ይችል እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም።

«ስልሳ።»

«ጋሼ፣ በእግዜር።»

«አንተ ቅደማ። ማን ከለከለህ?»

«ታላቄን?» አለ፤ ድምፁ ግን ተሰብሯል። ፊቱ ሲቀላ አየሁት። አርባ ዓመት ሙሉ ሲቀላ አይቼው አላውቅም።

«አርባ አምስት።»

«አንተ የማትረባ ደረቅ ሽማግሌ» አለ ናኦድ። የራሱን ቁልፍ አዞረ፤ ከዚያ ሁለተኛውን እንዳዞር በአምስት እርምጃ መጥቶ ወደ ቁልፉ ገፋኝ። ሚዛኔን ስቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እዚያው ተቀምጬ እጄን አንሥቼ አዞርኩት። ከመሬት በታች ጉርምርምታው አለፈ። በርሜሎቹ መንተክተክ ጀመሩ።

ናኦድ ከበላዬ ቆሞ ያለከልካል። እጁን ዘርግቶ አላነሣኝም። እኔም አልጠየቅኩትም፤ ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር፤ ተመችቶኛል።

ኢንጂነር አስናቀች እስክሪብቶዋን አወጣች። «ሃምሳ ሁለት ሰከንድ» አለች። «ከአሥራ አንድ ወደ ሃምሳ ሁለት። የመዘግየቱ ምክንያት ምን ተብሎ ይጻፍ?»

ናኦድ ግንባሩን በእጁ ጠረገ፤ ቁልቁል አየኝና ወደ እሷ ዞረ።

«ይህን ሰውዬ መግፋት ነው ጊዜ የወሰደው ብለሽ ጻፊ» አላት። «ከባድ ነው።»